የዲትሮይቷ ጣውንቴ

የልጅ ልጄ የተዳረች ዕለት፣ ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ የሚነሡባት ተብላ አንዲት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ተከራይታ መጣች። ኪራይዋን ሲነግሩኝ «ለስንት ወር ነው?» አልሁ። ለግማሽ ቀን ነው አሉኝ። በኛ ጊዜ በዚያ ብር ከነግቢው ቤት ይገዛ ነበር፤ ይሁን እንግዲህ፣ ዘመኑ የነሱ ነው። አበባ ለጥፈውባት፣ ሪባን አስረውባት፣ ሰው ሁሉ ከቧት ያያል። ሾፌሩ በሩን ከፈተና «እማማ፣ ይግቡና ከሙሽሮቹ ጋር ይነሡ» አለኝ። አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ ሳይ ያ ሽታ መጣ፤ ፀሐይ የመታው ወንበር፣ ቤንዚን፣ ያረጀ ቆዳ። «አልገባም» አልሁ። «ምነው እማማ፣ ጉልበትዎን ነው?» አለኝ። «ጉልበቴስ ደኅና ነው፤ ቅናቴ ነው የሚያመኝ» አልሁት። ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

እኔ ጣውንት ኖራብኝ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የኔዋ ግን እንደ ሰው ጣውንት ጉድጓድ ውኃ ላይ ጠብቄ የምሰድባት፣ ከዘመዶቿ ጋር የማማት አልነበረችም፤ ብረት ነበረች። የተወለደችው አሜሪካ፣ ዲትሮይት በሚባል ከተማ ነው። የፋብሪካዋን ስም እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ እኔ ግን አልጠራላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ በቤቴ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ባለቤቴ ገበየሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። ባሕር ዳር ያኔ የብስክሌት አገር ናት። ዛሬ ባጃጅ እንደ ዝንብ በሚርመሰመስበት ጎዳና፣ ያኔ ፋብሪካው ሠራተኛውን ሲለቅ ከዘንባባው ሥር የሚሰማው የብስክሌት ደወል ብቻ ነበር። ጎረምሶቹ ቤልቦተም ሱሪያቸው ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ አንድ እግራቸውን በልብስ መቆንጠጫ ይዘው ይነዳሉ፤ ፀጉራቸው ጎፈሬ፣ ሸሚዛቸው ቴትሮን፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ። ገበየሁም ብስክሌት ነበረው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከኋላ መጫኛው ላይ በጎን ያስቀምጠኛል፤ ቀበቶውን እይዛለሁ፤ በሐይቁ ዳር ዳር እያለን እንሄዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ ከደንገል ታንኳቸው ወርደው ቆሮሶ ዓሣ በገመድ ሰክተው ይሸጣሉ፤ በሃምሳ ሳንቲም አንድ ቤተሰብ የሚያጠግብ። ዓሣውን እኔ ይዤ፣ እሱን ደግሞ በቀበቶው ይዤ፣ ከየትም ወገን ቀረብኝ የምለው ነገር አልነበረም። ዛሬ ሳስበው፣ ሙሉ ባል የነበረኝ በብስክሌቱ ዘመን ነው።

ከዚያ ያ ለውጥ መጣ፤ ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየሸጡ ወጡ። ገበየሁን ማሽን ያስተማረው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ እሱም ሊሄድ ሆነ። «ለሌላ ሰው ብሰጣት ይገድላታል፤ አንተ ታኖራታለህ» አለውና መኪናውን በርካሽ ለቀቀለት። ገበየሁ ብስክሌታችንን ሸጠ፣ የደረሰውን እቁብ ጨመረ፣ ገዛት። ይዟት የመጣ ዕለት ትዝ ይለኛል። ሰማያዊ ናት፤ ጣራዋ ነጭ። ርዝመቷ ከደጃችን እስከ ጎረቤታችን አጥር ይደርሳል። የሠፈሩ ሰው ከነልጁ ወጥቶ ቆሟል። እኔም ለዚያች ቀን ብዬ የሽፎን ሻሼን ሸብ አድርጌ፣ በአሥራ ሁለት ብር ያስገዛሁትን ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምቼ፣ እንደ ሙሽራ ሆኜ ወጣሁ። ገበየሁ በሩን ከፈተልኝ። እግሬን ሳነሣ «ታንጉት፣ ጫማሽን አውልቂ፤ ምንጣፏ አዲስ ነው» አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንዱ ጎረምሳ ሲስቅ ሰማሁት። ይባስ ብሎ ያ ፈረንጅ ውሻውን ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲዞር እናየው ነበር፤ ውሻው አራት እግሩን ሳያወልቅ ተቀምጦባታል። እኔ የገበየሁ ሚስት፣ ባለ ተክሊል፣ ባዶ እግሬን ልግባ? ደሜ ፈላ። እግሬን መለስሁና «ከዛሬ ጀምሮ እግሬ ይችን መኪና ቢረግጥ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» ብዬ ማልሁ። በኛ አገር እንዲህ ተብሎ ተምሎ ወደ ኋላ የለም፤ መሐላውን የሚያፈርስ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ በግንባሩ ይደፋል። ገበየሁ ያኔውኑ ይቅርታ ቢለኝ እኔም ወደ ንስሐ አባቴ በሄድሁ። እሱ ግን ደነገጠ፤ ጨርቁን አወጣና የበሩን እጀታ መወልወል ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያው ቀረን።

እንግዲህ ጣውንት ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚሰጥበት ዘመን፣ ለኔ ልብስ ማጠቢያ የተሰጠኝን ሳሙና ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ወስዶ እሷን ያጥባል። በረዶ ሲጥል የኔን ጋቢ አውጥቶ ያለብሳታል፤ ሲነጋ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይመለስልኛል። ዳገት ስትወጣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ» ይላታል፤ ልጃችን አስናቀች ነች የነገረችኝ። እኔ አስናቀችን ስወልድ ሁለት ቀን አምጬ «አይዞሽ» ያለኝ በመስኮት ነው። ያገሩ መፍቻ አይገጥማትም ነበር፤ የሷ ብሎን የሚለካው በኢንች ነው። ታዲያ ማታ ማታ ራት ቀርቦ ወጡ እየቀዘቀዘ እሱ ለሷ ሲል መፍቻ ይሞርዳል። ጎማዋ ሲበላ ከጭነት መኪና ጎማ ላይ ላስቲክ ቆርጦ ይለብጥላታል፤ መብራቷ ሲሰበር የጃም ብርጭቆ አስተካክሎ ይገጥምላታል። የኔ የጆሮ ጉትቻ አንዱ እግር ተሰብሮ ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። «ነገ እበይድልሻለሁ» ነው መልሱ።

ደግሞ ወሬዋ አያልቅም። ፈረንጁ የተወለት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ፤ በፈረንጅኛ ነው፤ ገበየሁ ያንን መጽሐፍ ስልኩን እንደማይለቅ የዛሬ ልጅ አይለቀውም። ፋብሪካውን ያቆመው የገበሬ ልጅ ነው አለኝ፤ እርሻ ጠልቶ፣ የአባቱን ቤት ትቶ፣ ብረት ሲፈታ ሲገጥም ያደገ። «ለሀብታም ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛ የምትሆን መኪና እሠራለሁ» አለ አሉ። መጀመሪያ በነበረው ዘመን ከጥቁር ሌላ ቀለም አትፈልጉ እያለ ይሸጥ ነበር አሉ። ሠራተኞቹ በየቦታቸው ይቆማሉ፤ መኪናዋ ናት በፊታቸው የምታልፈው፤ አንዱ በር፣ አንዱ ጎማ፣ አንዱ መሪ እያደረገ ከዚያኛው ጫፍ ተነሥታ ትሄዳለች። «ልክ እንደኛ የሽመና ክፍል» ይለኛል፤ ዓይኑ ይበራል። እኔን ሲያጨኝ የኔን ዘር ሰባት ቤት መቁጠሩን እንኳ ለሽማግሌ ትቶ፣ የሷን ዘር ግን ከነአያቷ ያውቃል። ያን ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ማመስገን የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው። ቀበሌ የውይይት ክበብ ላይ አንዱ «ጓድ፣ ያንተ መኪና የኢምፔሪያሊስት ናት» ቢለው፣ «የለም ጓድ፣ የላብ አደር እጅ ነው የገጠማት» ብሎ አፉን አስያዘው። ለሷ ሲሆን ምላስም አለው። እኔ በስብሰባ ላይ ስሰደብ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሰማው።

ከሁሉ የባሰው እሑድ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ፣ እሑድ እሑድ ታርጋቸው ጎደሎ ቁጥር የሆነ አንድ ሳምንት፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር የሚነዱት። የሷ ታርጋ ጎደሎ ነው። የጎደሎ እሑድ ሲደርስ ገበየሁ አስናቀችን አስቀምጦ በሐይቁ ዳር ይዟት ይዞራል። አንዳንዴ የጎረቤት ሴት ትሳፈራለች፣ አንዳንዴ ሙሽራ ይሸኛል፤ መኪና የሌለው ሠፈር ሁሉ የሱ ነው። ሁሉም ገብቶባታል፤ እኔ ብቻ ቀርሁ። ደጅ ላይ ቆሜ አቧራዋን አያለሁ። መጀመሪያ ዓመት «ነይ እንጂ» ይለኝ ነበር፤ «ምያለሁ» እለዋለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ መጠየቁን ተወ። ልጄ ፀጉሯ በነፋስ ተበታትኖ፣ ያን የወንበር ሽታ ይዛ ትመለሳለች፤ ስስማት የሚሸተኝ ጣውንቴ ነች። «እማዬ፣ አባባ ሲነዳ ይዘፍናል» ትለኛለች። ገበየሁ ይዘፍናል እንዴ? ይኸን ሁሉ ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም።

ሰው ሲጨንቀው ወደ ዘመዱ ይሄዳል። አጎቴ የኔታ ጥበቡ ከጣና ገዳማት በአንዱ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ ሲፈልጉ በታንኳ ተሻግረው ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። ወደብ ዳር፣ ከሾላው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ ባሌ ተወስዶብኛል» አልኋቸው።

«ማን ወሰደው ልጄ?»

«ሌላ አለችበት።»

«መልከ መልካም ናት?» አሉኝ። ምን ልበል፤ እሳቸው ሐሜት አይወዱም፣ እኔም መኪና ናት ማለት አፈርሁ። «መልኳስ ደኅና ነው» አልሁ። የኔታ ጸሎት አደረሱ፣ እምነት በጥብጠው በጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ። «በባዶ ሆዱ ሦስት ቀን አጠጪው፤ ያደረበት ይለቀዋል» ብለው አሳረጉ።

ቤቴ ገብቼ ጠርሙሱን ይዤ አሰብሁ። ገበየሁ ምን ሆነ? ይበላል፣ ይሠራል፣ ያስቀድሳል። ያደረውስ እሷ ላይ ነው። ያ ፈረንጅ፣ ያ ውሻ፣ ከዚያም በፊት ማን ማን እንደተቀመጠባት ማን ያውቃል? ሰውየው ዓይኑ ተይዞ ነው እንጂ መጠመቅ ያለባት እሷ ናት። ደግሞ ወሩ አልቆ ነበር፤ ኩፖኑ ተጨርሶ፣ ዳር ላይ እንደተጎተተች ታንኳ ደርቃ ቆማለች። «በባዶ ሆድ» ያሉት ይኸው ነው አልሁ። ገበየሁ ሥራ በሄደበት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከኋላዋ ሄድሁ። የቤንዚን መጨመሪያዋ ታርጋዋ ሥር ነው፤ ታርጋውን ዝቅ ሲያደርጉት አፏ ይገኛል። አባታችን ሆይ ደግሜ ጠርሙሱን በሙሉ ጨመርሁላት። የሦስቱን ቀን በአንድ ጊዜ። ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አዲሱ ኩፖን ወጣ፣ ቤንዚን ሞላ፣ ቅዳሜ ሊያጥባት ወደ ሐይቁ ወረደ። ስትሳል፣ ስታስነጥስ፣ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ባለ ብስክሌቶች ብስክሌታቸውን አጋድመው እየገፉ ቤት አደረሷት። ገበየሁ ፊቱ አመድ መስሎ ኮፈኗን ከፍቶ ቆመ። ያን ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ እንደ ሕፃን ነው። በማግሥቱ ግን ሲነጋ ከእሷ ጋር ብቻውን፣ ጀርባው ጎብጦ ሳየው ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጸጸት ነው ብል ንስሐዬን ያሳንስብኛል፤ አብዛኛው ጉጉት ነው። ጣውንቴን ገላዋ ተገልጦ ላያት ፈለግሁ። ዱካዬን ይዤ ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ቀና ብሎ አየኝ። «ያንን መፍቻ» አለኝ። አቀበልሁት።

ያ ክረምት እንዴት ያለ ክረምት ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮ ጥላውን ሲደበድበው፣ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ፣ እኔና ገበየሁ ከኮፈኗ ሥር ነን። ከሥራ ሲመጣ ይፈታል፤ እኔ አጥባለሁ፣ እደረድራለሁ። ካንዴላ ምን እንደሆነ፣ ካርቡራተር ምን እንደሚሠራ አወቅሁ። ባትሪዋን በየሳምንቱ ተሸክሞ ፋብሪካ ወስዶ ያስሞላል፤ «ለምን?» ስለው «ለመፈተሽ ነው» ይለኛል። እጁ ዘይት ስለሆነ ቆሎውን እኔ ነኝ የማጎርሰው፤ ከንፈሩ ጣቴን ሲነካው ተጋብተን የከረምን ሰዎች አንመስልም ነበር። አንድ ቀን ተነሥቶ ሳይጠየቅ ጉትቻዬን በየደልኝ። ማንጎራጎሩንም ሰማሁት፤ ድምፁ ያን ያህል አያምርም። እንዲያም ሆኖ ቅናቴ አልለቀቀኝም። አንዲት ቀጭን መርፌ የመሰለች ነገር ከውስጧ ሲያወጣ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ በሁለት ጣቱ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነው። የኔን እጅ እንዲህ ይዞ ያውቃል? እላለሁ በልቤ። ቀበሌም ሄዶ «ቆማለች» ብሎ አስመዘገባት፤ በዚያ ዓመት ለዘመቻ መኪና ይሰበሰብ ነበርና ስትፈለግ ተበላሽታለች ተብላ ታለፈች። ሳትድን ብትቀር ምን አለበት፣ እንዲሁ ስንፈታትና ስንገጥማት ብናረጅ እያልሁ እመኝ ጀመር። ኃጢአቴንም ለማንም አልተነፈስሁም።

መስከረም ገባ። እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰን ነው። ጎረቤታችን ብርቱካን፣ ባሏ ሰሜን ዘምቶ ብቻዋን ያለች ልጅ፣ ምጥ ይዟት አደረ። አዋላጇ ወጣችና «እግሩ ቀድሟል፤ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም» አለች። ባለ ጋሪው የለም፤ ወደ መሸንቲ ለለቅሶ ሄዷል። ወንዶቹ ቃሬዛ ማሰር ጀመሩ። ከኛ ሠፈር ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ በቃሬዛ ማን ያደርሳታል? እኔ ራሴን ይዤ «ምነው ያን ጠበል ባልጨመርሁባት» እላለሁ በሆዴ፤ አፌ ግን «ያችማ ተበላሽታለች» ይላል ጮክ ብሎ። ገበየሁ ወደ እሷ ሄደ። ኮፈኗን ዘጋ። ጋቢዬን ከላይዋ ገፈፈ። ገባ፣ ቁልፉን አዞረ። በአንድ ጊዜ ተነሣች።

ሠፈሩ ሁሉ የጊዮርጊስ ተአምር ነው ብሎ መሬት ሳመ። እኔ ግን ሦስት ወር መፍቻ ያቀበልሁ ሴት ነኝ። የተበላሸች መኪና እንዲህ እንደማትነሣ አውቃለሁ። ገበየሁን አየሁት፤ አላየኝም። ብርቱካንን አምጥተው አስገቧት፤ «እት ታንጉት፣ እኔን ትተሽ አትቅሪ» ብላ ክንዴን ያዘች። በሩ ላይ ቆምሁ። ዘጠኝ ዓመት የማልሁበት በር ነው። ገበየሁ ዞር አለና ቀስ ብሎ «ግቢ። ጫማሽን እንዳታወልቂ» አለኝ።

ገባሁ። የብርቱካንን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ እያሻሸኋት ነው፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ስለሷ እየጸለይሁ ነበር። ግን ዓይኔ አያርፍም። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ከአልጋችን ይመቻል። መስኮቱ ትልቅ ነው፤ ሐይቁ በዘንባባዎቹ መካከል ብልጭ፣ ብልጭ እያለ ይሸሻል፤ ነፋሱ ሻሼን ያነሣዋል። የገበየሁ ማጅራት ከፊቴ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን ይኸን ሲበላ የኖረው ለብቻው ነው አልሁ። አስናቀች አይታዋለች፣ ጎረቤት አይቶታል፣ የማላውቃቸው ሙሽሮች አይተውታል። አጠገቤ ሰው ከሞት ጋር ተያይዞ እኔ በነፋስ ቀናሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ተረኛው የቀበሌ ጥበቃ እጁን አነሣ። የዚያን ዕለት የሙሉ ቁጥር እሑድ ነው፤ የኛ ጎደሎ ናት። ወደ ውስጥ አየና የብርቱካንን ጩኸት ሲሰማ «እለፉ» አለ። ደረስን፣ ተቀበሉን። ቀኑ ሳያዘነብል ብርቱካን በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ስንመለስ ያው ተረኛ እንደገና እጁን አነሣ። አሁን መዝገብ ይዟል፤ አጠገቡ ሌላ ጨምሯል፣ አለቃው ነው መሰለኝ።

«ጓድ ገበየሁ፣ ይች መኪና ቆማለች ተብላ ነው የተመዘገበች» አለ አለቃው።

«ጓድ፣ ምጥ ነው፤ ሆስፒታሉን ጠይቁ» አልሁ እኔ ከኋላ።

«ምጡን ተረኛው አይቶታል እሜቴ። እኔ የምጠይቀው ዛሬን አይደለም፤ ሦስት ወሩን ነው። አገር መኪና ሲፈልግ ደኅና መኪና ተበላሽቷል ብሎ መደበቅ አሻጥር ነው። ለምን ደበቅሃት?»

እኔም የምፈልገው ይኸንኑ መልስ ነበር። ጆሮዬን አቆምሁ። ገበየሁ አፉን ከፈተ፣ ወደኔ በመስታወቱ አየ፣ መልሶ ዘጋው። ስብሰባ ላይ ኢምፔሪያሊስት ስትባል በአንድ ቃል የመለሰ ሰው፣ አንድ ቃል ጠፋው። «ቁልፍ» አለው አለቃው። ሰጠው። ወረደ። ከዚያ ተረኛውን ጠራና «ሁለተኛው ማርሽ ላይ ታኮርፋለች፤ አትታገሏት፣ ትንሽ ታገሷት። ጠዋት ጠዋት ሳትሞቅ አትነሡ። ውኃዋን በየቀኑ እዩላት» እያለ ጠባይዋን ዘረዘረለት። ያን ሰዓት እንኳ ቀናሁ። የኔን ጠባይ ለሰው እንዲህ አድርጎ ማስረዳት ይችል ይሆን?

ከዚያ ወዲያ አላየናትም። አንዱ መራዊ መንገድ ዳር ጎማዋ ወልቆ አየኋት አለ፤ ሌላው ሰሜን ወርዳለች አለ። ገበየሁ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተጠየቀ፤ የብርቱካን ነገር ረድቶት እሱስ ተለቀቀ። እኔም ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ለመሐላዬ አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ጠበሉን የት እንደጨመርሁ ስነግራቸው ግን መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሌላ አርባ ጨመሩልኝ።

የዚያን ዕለት ግን እኔና ገበየሁ ከመስቀለኛው ተነሥተን በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትወርድ ነው፤ ታንኳዎቹ ወደ ዳር ይመለሳሉ። አላስችል አለኝ።

«ገበየሁ፣ መቼ ነው የዳነች?» አልሁት።

«በማግሥቱ።»

«የምን ማግሥት?»

«በቆመች ማግሥት ጠዋት። ውኃ ነበረ የገባባት፤ ታንኩን አውርጄ አፈሰስሁት። እታቹ ላይ አመድ አገኘሁ። እምነት መሆኑን አወቅሁ፣ ማን እንደጨመረውም አወቅሁ።»

ግንዲላ ላይ ቁጭ አልሁ። እሱም አጠገቤ ቆመ።

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስትፈታ ነበር?»

«ደኅናውን» አለ። «ደኅናውን ስፈታ፣ ደኅናውን ስገጥም። ዳነች ብዬ ልነግርሽ ወደ ቤት ልገባ ስል ዱካሽን ይዘሽ መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ አልተቀመጥሽም ነበር።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዋሸኸኝ? ዛሬስ ባልተወሰደች?»

«ፈራሁ» አለ። «ድናለች ብልሽ ተነሥተሽ ወደ ቤት ትገቢያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት። ልክ ነበር፤ ተነሥቼ እገባ ነበር።